አክስቴ የማታየው መርፌ

የድሮው መማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የሙያተኞች ሥዕል ነበረበት። አናጺው መዶሻውን አንሥቶ፣ አንጥረኛው ወናፉን እየነፋ፣ ልብስ ሰፊው ደግሞ ብቻውን ጎንበስ ብሎ ይታያል። መምህራችን ያን ገጽ በገለጡ ቁጥር አንድ ነገር ቅር ይለኝ ነበር። ልብስ ሰፊ ብቻውን ሲሠራ አይቼ አላውቅማ! እኔ የማውቀው ስፌት ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ሥራ ነው።

የአክስቴን ባል እኛ ልጆች ጋሼ እንለው ነበር። ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የስፌት መኪናውን ይረግጣል። አንገቱ ላይ ሜትር፣ ጆሮው ላይ ጠመኔ አይለየውም፤ ጠመኔዋን ረስቷት ተኝቶ፣ ጠዋት ጉንጩ ላይ ሰማያዊ መስመር ይዞ የሚነሣበት ቀን ነበር። አክስቴ ከመስኮቱ ሥር በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ሆና የእጅ ሥራውን ትሠራለች፤ ጠርዝ ትዘመዝማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። በሁለቱ መካከል፣ ቁራጭ ጨርቅ የታጨቀበት ጆንያ ላይ፣ ልጃቸው ትቀመጣለች። የዛሬው ታሪኬ የእሷ ነው።

ሰፈሩ መርፌ ብሎ ነበር የሚጠራት። ቀጭን መሆኗ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ክር ስታስገባ አንድም ቀን ስታ አለማወቋ ነው። በጥቂት ዓመት ስለምትበልጠኝ እኔ እትዬ መርፌ እላታለሁ፤ እሷም ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ እንኳ «ጎረምሳው» ማለቷን አልተወችም።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ መስኮቱ ስትዞር፣ አክስቴ መርፌዋን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ፊቷን ታጨማድዳለች።

«አንቺ ልጅ፣ ነይልኝ እስቲ! ይኼ መርፌ ዛሬም ቀዳዳውን ደበቀብኝ።»

«የት ደበቀው፣ እማዬ?»

«እሱን ባውቅ አንቺን እጠራ ነበር?»

እትዬ መርፌ የክሩን ጫፍ በከንፈሯ ታረጥባለች፣ በጣቶቿ ታሾላለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች። ከዚያ «ገባ!» ብላ ትጮኻለች። ጋሼ መኪናውን ቀጥ አድርጎ፣ የሩቅ አገር ዜና እንደ ሰማ ሰው፣ «ገባ?» ይላል። «ገባ!» ትላለች አክስቴም። ይህ በየቀኑ ይደገማል፤ አንዳቸውም ሰልችቷቸው አያውቅም።

በቤቱ ውስጥ ብቻ የሚታወቅ ጨዋታም ነበራቸው፤ የአንድ ዓይን ጨዋታ ይሉታል። ቀኝ ዓይን በቁራጭ ጨርቅ ይታሰራል፤ በግራው ብቻ እያዩ ክር ማስገባት ነው። የቻለ ከቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ የወደደውን አንድ ቁልፍ ይመርጣል። እትዬ መርፌ ከትንሽነቷ ጀምሮ የምትጫወተው ነው፤ ለእኔም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ክሩን አፍንጫዬ ውስጥ ላስገባ ምንም ያልቀረኝ ቀን ጋሼ ከሳቁ ብዛት ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። «የእኔ ወንድም፣ አንተስ ትምህርትህን ተማር!» አለኝ። ምክሩን ሰምቼ አስተማሪ ሆንኩ።

እንግዲህ ያቺው መርፌ የማይታያት አክስቴ ራሴን ገለጥ አድርጋ ቅማል ስትፈልግ ጋዜጣ እንደሚያነብ ሰው ነበረች። አንዲት አታመልጣትም። ጥራጥሬ ስትለቅምም የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ጠጠር ከእጇ አትወጣም። ቅማል የምታይ ሴት መርፌ እንዴት አታይም ብዬ አልጠየቅሁም። ልጅነት እንዲህ ያለውን ሒሳብ አይደምርም።

እትዬ መርፌ የጉዲፈቻ ልጅ መሆኗ በቤቱ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል፣ እኛ ሰፈር በመጡበት ዓመት መሆኑ ነው፣ ጋሼ እጅጌ እየቆረጠ ነገራት። «የወለደችሽ እናትሽ ታማ አረፈች፤ እኛ ደግሞ ልጅ አልነበረንም። ተገናኘን።» ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሣውም። በዚያ ዘመን ፍቅር በሥራ እንጂ በንግግር አይገለጥም ነበር፤ ጋሼ ልጁን መውደዱን የሚናገረው ለትምህርት ቤት ልብሷ ሁለት ኪስ ተጨማሪ በመስፋት ነው።

ከበረንዳው ፊት ለፊት የቁልፍና የክር ሱቅ ነበር። ባለቤቲቱን ባለቁልፏ እንላታለን። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ምላሷ ግን ከእሷ ቀድሞ ነው የሚነቃው። እትዬ መርፌ አፍላ ልጃገረድ ሳለች አንድ ቀን ከዚያ ሱቅ የተገዛ ቁልፍ ይዛ ተመለሰች፤ ነጩ ውስጥ ብጫ ያዘለ ተቀላቅሎበታል ብላ።

«የታለ ብጫው? ሁሉም ነጭ ነው!» አለች ባለቁልፏ።

«ይኸው፣ ይኼኛው። ይኼም።»

«አንቺ ደግሞ በዓይንሽ መመካትሽ! ባትመኪ ነው የሚገርመው። ለዓይንሽ ብለው አይደል ያመጡሽ? ዕውር መሪ እንደሚቀጥር፣ መርፌ የምታይላቸው ልጅ ፈለጉና አገኙሽ!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ባለቁልፏ እስከ ምሳ ድረስ እንኳ የሚቆይ ቂም አልያዘችም፤ ከሰዓት በኋላ ብጫዎቹን ቁልፎች በነጭ ለውጣ ራሷ ይዛ መጣች። የእትዬ መርፌ ሆድ ውስጥ የገባው ነገር ግን ገብቷል። በዚያው ቀን አክስቴ እንደ ልማዷ «ነይልኝ እስቲ!» ስትላት መጣች፣ ክሩን አስገባች፣ መርፌውን ሰጠቻት። «ገባ!» አላለችም። ጋሼ መኪናውን አቁሞ ሲጠብቅ ቆየና ዝም ብሎ ረገጠው።

ከዚያ በኋላ ዕድሜ እንደ ክር ተተረተረ። እትዬ መርፌ እጅግ የተዋጣላት ልብስ ሰፊ ሆነች፤ አገባች፣ ወለደች፤ ማልዳ እየመጣች ከበረንዳው ላይ ትውላለች። ለወላጆቿ ያጎደለችው ነገር የለም። ምግባቸውን፣ መድኃኒታቸውን፣ ሁሉንም በሰዓቱ። ግን ሳቋን አጎደለች። ለሌላ ሰው መርፌ ማስገባትማ እርም አለች፤ ጎረቤት ክር ይዞ ሲመጣ «ልጆቹን ጥሩ» ትላለች። ጋሼ አረፈ። አክስቴም ብቻዋን ስትቀር ዓይኗ እውነትም ደከመ።

አንድ ቀን እትዬ መርፌ ከገበያ ስትመለስ ክር ማስገቢያ ገዝታ መጣች፤ ከስስ ቆርቆሮ የተሠራች፣ ጫፏ ላይ ቀጭን ሽቦ ያላት። በወረቀት እንደ ተጠቀለለች እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

«ይኸው እማዬ። ከእንግዲህ ሰው አያስፈልግሽም።»

አክስቴ ዳበስ ዳበስ አደረገቻት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ጥሩ ነገር ነው» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ መርፌ ይዛ አላየኋትም።

አክስቴም በጊዜዋ ሄደች። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ዕቃዋን ስንለይ፣ የጣት ቆቧን ከምታስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ያቺ ክር ማስገቢያ ወጣች። ወረቀቷ እንኳ አልተፈታም። እትዬ መርፌ ይዛት ሄደች። በማግስቱ ቤቴ መጣች።

«ጎረምሳው፣ በዚህ ሳምንት ሥራ አለህ?»

«ጡረተኛ ምን ሥራ አለው? ወንበር ማሞቅ ነው።»

«እንግዲያው ተነሥ። የጉዲፈቻ ማህደሬን አሳዩኝ ወደምልበት ቦታ አብረኸኝ ትሄዳለህ።»

«የወለዱሽን ልትፈልጊ ነው?»

«የወለደችኝማ መሞቷን አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው እነዚህን ነው።» በመስኮቴ ወደ ጋሼ በረንዳ አሳየችኝ። «ለዓይኔ ነው የወሰዱኝ ወይስ ለእኔ? ያገለገልኩት ቤት ነው ወይስ የተወለድኩበት? ዕድሜዬን ሙሉ ሆዴ ውስጥ የተሰካ መርፌ ነው። ሲቀብሩኝ አብሮኝ እንዲቀበር አልፈልግም።»

መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄድን። የመዝገብ ቤቱ ሰው ትሑት ነበር፤ ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንዲት ገጽ ግልባጭ ሰጣት። ባልና ሚስቱ ሕፃኗን በጉዲፈቻ ለመውሰድ ያቀረቡትን ጥያቄ መርምረነዋል፣ ለሕፃኗ ይጠቅማልና ጸድቋል፣ ይላል። ገጹን ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«ይኸው ብቻ?»

«ፍርድ ቤት የሚያስቀምጠው ውሳኔውን ነው፣ እናቴ። ታሪኩ ያለው ልጅቷ ከነበረችበት ማሳደጊያ ነው። ግልባጩን ግን አይጣሉት፤ ይፈለግብዎታል።»

ማሳደጊያው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ግቢው ውስጥ አሁን የትምህርት ቤት ወንበር ይበየዳል። ዘበኛው ወረቀቶቹ በሙሉ ተጭነው ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ መሄዳቸውን ነገረን። እዚያ ደግሞ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ተቀበለችን። የእትዬ መርፌን ስም ከነአባቷ ስም ጠየቀች፤ ወደ ውስጥ ገብታ ቆይታ ተመለሰች።

«በዚህ ስም ማህደር የለም።»

እትዬ መርፌ ወደ እኔ ዞረች። «ሰማህ? የለሁም።»

«አለሽ፣ እኅቴ፣ አለሽ» አለች ሴትዮዋ ፈገግ ብላ። «ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሁን የምትጠሪበት የአባት ስም ጉዲፈቻው ከጸደቀ በኋላ የመጣ ነው። ማህደሩ ግን የተከፈተው ከዚያ በፊት፣ ማሳደጊያው ስትገቢ በነበረሽ ስም ነው። የፍርድ ቤት ግልባጭ ይዘሻል?»

ግልባጩ ግርጌ ላይ፣ እኛ ያላስተዋልነው፣ የማሳደጊያው ቁጥር ተጽፎ ኖሯል። ሴትዮዋ ቁጥሩን ጻፈች፤ ማመልከቻ አስሞላቻት፤ መታወቂያዋን አየች። ማህደሩ ሲገኝ እዚሁ ክፍል ተቀምጣ እንደምታነበው፣ አንድ ሰው አብሯት ሊቀመጥ እንደሚችል፣ ስለ ሌላ በሕይወት ስላለ ሰው የተጻፈ ካለ ግን ያ ሰው ሳይፈቅድ እንደማይታይ አስረዳችን። «የሚያስደስትም የሚያስከፋም ሊኖርበት ይችላል» አለች። «አንዳንዱ ደግሞ ምንም የለበትም። ያኛው ነው የሚከብደው።»

እስኪጠሩን ድረስ እትዬ መርፌ አንድ ኮት አበላሸች። በሕይወቷ የመጀመሪያው ነው። የግራውን እጅጌ በቀኝ ተክላው ደንበኛው ለብሶት ሲዞር አየችና፣ «ይቅርታ፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው» ብላ ፈታችው።

የተጠራን ቀን ማህደሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ስስ ነው፤ ጠርዙ እንደ ደረቀ ቅጠል ተሸራርፏል።

«ከየቱ እንጀምር?» አለች ሴትዮዋ። «ብዙ ሰው የሚጀምረው ከወለደችው እናት ነው።»

«ነፍሷን ይማርና፣ እሷን በመጨረሻ። ያሳደጉኝን አምጪልኝ።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ አየቻት፤ መልሳ አደረገችው። «እሱን ለመረዳት አስቀድመሽ ይህን ማንበብ አለብሽ» ብላ የሐኪም ወረቀት አወጣች። እትዬ መርፌ ጥቂት አነበበችና ወደ እኔ ገፋችው። «አንተ አንብብልኝ። ፊደሉ ተቀላቀለብኝ።»

ክፍል ውስጥ እንደማነብ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ።

«የሕፃኗ የግራ ዓይን ወደ ውስጥ ይዞራል፤ እይታውም ደካማ ነው። በልጅነቷ ካልታከመች ማየት ሊተው ይችላል። ደኅናው የቀኝ ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ጊዜ ይሸፈን፤ በግራው ዓይን ጥቃቅን ሥራ ትሥራ፤ ዶቃ መሰካትን የመሰለ።»

«የማን ዓይን?» አለች እትዬ መርፌ።

«ያንቺ ነው፣ እትዬ።»

ሳታውቀው እጇ ወደ ግራ ዓይኗ ሄደ። ማሳደጊያው ከሥር እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ ልጅ ፈልገው የመጡ ሌሎች ባልና ሚስት ልጅቷን አይተው፣ ስለ ዓይኗ ሲነገራቸው ትተዋት ሄደዋል። ቀጥሎ ያለው፣ ቤት ለቤት የምትዞር የማሳደጊያው ሠራተኛ ጋሼንና አክስቴን ጎብኝታ የጻፈችው ነው።

«ለአመልካቾቹ የልጅቷ ሁኔታ ተገልጾላቸዋል። ምንም ጉድለት የሌለባት ሌላ ሕፃን እንዳለችም ተነግሯቸዋል። ልብስ ሰፊው ሲመልሱ፦ እንከን የምንፈልገው ጨርቅ ስንገዛ ነው፣ ልጅ ስንወስድ አይደለም፣ ብለዋል።»

እዚህ ላይ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ጋሼ ከነጠመኔው ከተፍ አለብኝ። ሴትዮዋ ውሃ አቀረበችልኝና ቀጠልኩ።

«ባለቤታቸው ሕክምናውን እንዴት እንደሚከታተሉ ተጠይቀው እንዲህ ብለዋል፦ እኛ የምንውለው ከመርፌ ጋር ነው፣ ዶቃ ፍለጋ አንሄድም። ከጎኔ አስቀምጬ ክር አስገቢልኝ እላታለሁ። ዓይኗን ስናስርም ጨዋታ ነው እንላታለን። የታመመች እኔ ነኝ እያለች እንዳታድግ፣ የማላየው እኔ ነኝ እላታለሁ።»

ውጭ ኮሪደሩ ላይ ሰው ወንበር ይጎትታል።

«ቅማል ታይ ነበር» አልኩ ሳላስበው።

እትዬ መርፌ ቀና አለች። «ምን አልክ?»

«አክስቴ። ራሴ ላይ ቅማል ታይ ነበር እኮ!»

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። መጀመሪያ ማልቀሷ መሰለኝ፤ ሳቅ ነበር። «ቅማል ታይ ነበር! የጥራጥሬ ጠጠር ታይ ነበር! ከመንገዱ ጫፍ የጋሼ ደንበኛ ሱሪው ተተርትሮ ሲመጣ ታይ ነበር!» ትላለች፤ ሳቁ መሐል ላይ ዕንባው መጣና ሁለቱ ተደበላለቁ። ሴትዮዋ ነገሩ ሳይገባት አብራ ሳቀች፣ አብራም ዓይኗን ጠረገች።

የመጨረሻዋ ገጽ አጭር ነበረች። ሠራተኛዋ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳ ጎብኝታቸዋለች። የልጅቷ ዓይን ቀንቷል፤ አሳዳጊዎቿ የመኖሪያ ሰፈር ሊቀይሩ ነው፤ ሌሎች አይተው እንዳለፏት ከማንም አፍ እንዳትሰማ አደራ ብለዋል፣ ይላል። እንግዲህ ዝምታው ለዚህ ነበር። የዓይኗን ነገር ቢነግሯት ሌሎች ትተዋት መሄዳቸውንም መንገር ሊሆንባቸው ነው። እናቴ፣ የአክስቴ ታናሽ፣ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም፤ አውቃም ከሆነ አደራውን ይዛው ሄዳለች።

እትዬ መርፌ የወለደቻትን እናቷን ስም በመጨረሻ አነበበች፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ደጋግማ፣ የአዲስ ጎረቤት ስም እንደሚያጠና ሰው። ከዚያ ማህደሩን በቀስታ ዘጋችው።

«ያቺን ክር ማስገቢያ ሰጠኋት» አለችኝ። «የማየው እኔ ነኝ ብዬ፣ ሰው የማያስፈልገኝ እኔ ነኝ ብዬ። እሷ ምን አለችኝ? ጥሩ ነገር ነው አለችኝ።»

ክንዷን ይዤ ወጣን።

ሰፈር ስንደርስ ፀሐይዋ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። ባለቁልፏ ሱቋን ለልጇ ካስረከበች ቆይታለች፤ ግን ወንበሯን ደጃፍ አውጥታ መንገዱን ከመጠበቅ የሚከለክላት የለም። አርጅታለች። ጭኗ ላይ ቁልፉ የተበጠሰ ሹራብ አለ፤ በአንድ እጇ መርፌ፣ በአንድ እጇ ክር ይዛ ሁለቱን ለማስታረቅ ትታገላለች።

«እናንተ፣ ተቆነጃጅታችሁ ከወዴት ናችሁ?» አለች።

«ቢሮ ነበርን፣ እማማ» አልኳት።

«በዚህ ዕድሜ? እኔ ደግሞ ይችን ክር የሚያስገባልኝ አጥቼ ከሰዓቴን ፈጀሁ። ልጄ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ሥራ ይዞ። አንቺን እንዳልል ደግሞ አንቺ ለሰው አታስገቢም፤ ምን እንደሆንሽ እንጃ፣ ኩሩ ነሽ!»

ከብዙ ዘመን በፊት ያለችው ነገር ትዝም አይላትም። እትዬ መርፌ ትነግራት ይሆን ብዬ አየኋት። ከፊቷ ቁጢጥ አለች።

«ለዚህ ብለው አላመጡኝም፣ እማማ» አለች ቀስ ብላ። «ግን እችልበታለሁ። ያምጡት።»

ባለቁልፏ ግራ ገብቷት መርፌውንም ክሩንም ሰጠቻት። እትዬ መርፌ ክሩን በከንፈሯ አረጠበች፣ አሾለችው። መርፌውን ሹራቡ ላይ ሰክታ አቆመችው። ከዚያ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች፣ በግራዋ ብቻ እያየች፣ ትንፋሿን ይዛ፣ በአንድ እጇ ክሩን ወደ ቀዳዳው ላከችው።

«ገባ!»

መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየ። ባለቁልፏ ደረቷን ያዘች።

«በስመአብ! ምን ያስጮህሻል? ክር እኮ ነው የገባው፤ ግመል አይደል!»